መሣሪያው በሌለበት የቁስን ገጽ በአተም ደረጃ ማጥናት ይቻላል?

ከጅማ የደረሰኝ ጥያቄ ይህ ነው፦ «ፊዚክስ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነኝ። የቁሶችን ገጽ በአተም ደረጃ በስካኒንግ ፕሮብ ማይክሮስኮፕ (በሹል ጫፍ ገጹን እየቃኘ ምስል በሚሠራ መሣሪያ) ማጥናት እፈልጋለሁ፤ መሣሪያውን ግን በዓይኔ አይቼው አላውቅም። ቤተሰቦቼ ባንክ ተወዳደሪ ይሉኛል። ልተወው?»

እህቴ፣ አትተዪው። ቤተሰቦችሽ ስለ እንጀራሽ ማሰባቸው ግን ልክ ነው፤ በዚህ ሙያ ስም የሚወጣ የሥራ ማስታወቂያ አገር ውስጥ ማግኘት ይከብዳል። መንገዱ በማስተርስ በኩል ስለሆነ፣ እስከዚያ የባንኩን ፈተና ብትፈተኚ የሚያግድሽ ነገር የለም።

መሠረቱን ይዘሽዋል። የፊዚክስ ተመራማሪዎቹ ቢኒግና ሮረር በ1981 እ.ኤ.አ. ዙሪክ በሚገኘው የአይቢኤም ቤተ ሙከራ የሠሩት ስካኒንግ ተነሊንግ ማይክሮስኮፕ የሚሠራው ኳንተም ሜካኒክስ ላይ በተማርሽው ተነሊንግ፣ ማለትም ኤሌክትሮኖች በጫፉና በገጹ መካከል ያለውን ክፍተት አልፈው በመሄዳቸው ነው፤ ጫፉ ከገጹ በ0.1 ናኖሜትር ሲርቅ የኤሌክትሪክ ፍሰቱ አሥር እጥፍ ያህል ይቀንሳል። ኤሌክትሪክ ለማያስተላልፍ ነገር አይሆንም። በ1986 እ.ኤ.አ. የመጣው አቶሚክ ፎርስ ማይክሮስኮፕ ግን በጫፉና በገጹ መካከል ያለውን ኃይል ስለሚለካ ለመስታወቱም ለፕላስቲኩም ይሆናል።

የሚቀርሽ ምስል ማንበብ ነው፤ እሱን ጅማ ተቀምጠሽ ትማሪዋለሽ። ግዊዲዮን የተባለውን ነጻ ሶፍትዌር አውርደሽ ተመራማሪዎች በነጻ የለቀቋቸውን ፋይሎች ክፈቺ። የገጹን ማዘንበል አስተካክለሽ ቁመቱን ለኪ፤ ከዚያ ምስሉን ጠርጥሪ። እብጠቶቹ ሁሉ በአንድ አቅጣጫ መንታ መንታ ሆነው ከታዩሽ ቁሱ እንደዚያ ነው ብለሽ አትቸኩዪ። ጫፉ ተሰብሮ በሁለት ቦታ ሲነካም እንዲሁ ይታያል። ናሙናው ዞሮ እንደገና ሲለካ መንታዎቹ አብረው ካልዞሩ ችግሩ የጫፉ ነው። ቃለ መጠይቅ ላይ ይህን የምታስረዳ አመልካች መሣሪያውን ነክታ ባታውቅም ትደመጣለች።

የጅማ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የማቴሪያል ሳይንስና ኢንጂነሪንግ ትምህርት አለው። ሄደሽ መምህራኑን «ናሙናችሁን የት ነው የምታስለኩት? ውጤቱን ማን ይተነትናል?» ብለሽ ጠይቂ፤ ትንተናውን ላግዝ በይ። የመመረቂያ ሥራሽም የድጋፍ ደብዳቤሽም ከዚያ ሊወጣ ይችላል።

ከምረቃ በኋላ ጣሊያን ትሪየስቴ ያለውን ዓለም አቀፍ የቲዎሪ ፊዚክስ ማዕከል፣ አይሲቲፒን ተመልከቺ። በኮንደንስድ ማተር (የጠጣርና የፈሳሽ ቁሶች) ፊዚክስ የአንድ ዓመት ዲፕሎማ ከታዳጊ አገሮች ለሚመጡ ተማሪዎች ይሰጣል። ትኩረቱ ቲዎሪ ነው፤ ሆኖም ወደ ውጭ ማስተርስና ፒኤችዲ ጥሩ መሸጋገሪያ ነው። ማመልከቻሽን ስትጽፊ ራስሽ የተነተንሽውን አንድ ምስል፣ የጠረጠርሽበትን ቦታና ምክንያትሽን ጨምረሽ አስገቢበት።