ግድግዳ በሌለው ሳሎን ማን የት ይቀመጥ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎት ከአዳማ ነው። ባለፈው ዓመት የራሳችንን ቤት ሠርተን ገባን። ሳሎኑ፣ መመገቢያውና ኪችኑ አንድ ላይ ነው፤ በመሃል ግድግዳ የለም። ሁለታችንም ወደን ያሠራነው ነው። ባለቤቴ ሥራው አዲስ አበባ ስለሆነ በፈጣን መንገዱ በየቀኑ ይመላለሳል። የ14 ዓመት ሴት ልጅና የ6 ዓመት ወንድ ልጅ አሉን። ዘንድሮ የባለቤቴ እናት ከእኛ ጋር መኖር ጀመሩ። እማማ ክፉ ሰው አይደሉም። ግን ቀኑን ሙሉ ሶፋ ላይ ተቀምጠው ስሠራ ዓይናቸው እኔ ላይ ነው። ደግሞ ሳህን ሳይታጠብ እንግዳ ከመጣ ሁሉም ነገር ፊት ለፊት ይታያል። ስለዚህ ትልቁን ኤል ሶፋ ጀርባውን ወደ ኪችኑ አድርጌ አዞርኩት። እማማ ለልጃቸው «ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞረችው» አሉት። እሱ ማታ ሲመጣ ሶፋውን ወደ ድሮ ቦታው፣ ግድግዳ ሥር መለሰው። ጠዋት ሲሄድ እኔ አዞርኩት። ማታ እሱ ይመልሳል። ስለ ሶፋው አንነጋገርም፤ እንገፋለን ብቻ። ልጄ ከትምህርት ቤት ስትመጣ ሰላም ብላ በቀጥታ መኝታ ቤቷ ትገባለች። ይህ ለምክር የሚበቃ ጉዳይ ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ በደንብ ይበቃል። በእኛ ቤት ሰው የሚቀመጥበት ቦታ ስለ ክብሩ ይናገራል። ትልቅ ሰው ሲገባ ተነስተን ቦታ እንለቃለን። ታናሽ በር አጠገብ ይቀመጣል። ይህን ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማረንም፤ እያየን ነው ያደግነው። እማማም ያውቁታል። ሶፋው ሲዞር ዝም ብለው ያላለፉት ለዚህ ነው።

ደብዳቤሽ ላይ ሁለት ምክንያት ሰጥተሻል። አንዱ ያልታጠበው ሳህን ነው። ሌላው «ዓይናቸው እኔ ላይ ነው» ያልሽው። እንግዳ በየቀኑ አይመጣም፤ እማማ ግን በየቀኑ አሉ። እኔን እንደሚመስለኝ ሶፋውን ያዞርሽው ከእሳቸው ዓይን ለማረፍ ነው። እሳቸውም የተረዱት እንደዚያው ነው። በአፍሽ ያላልሽውን ሶፋው ነገራቸው። ይህን የምልሽ ልወቅስሽ ብዬ አይደለም። ቀኑን ሙሉ እየታዩ ሽንኩርት መክተፍ፣ ወጥ ማማሰል፣ ልጅ መቆጣት ያደክማል። ድሮ የወጥ ቤቱ በር ይዘጋ ነበር። እዚያ ገብተሽ ብቻሽን ማኩረፍም፣ ማልቀስም፣ መዝፈንም ትችይ ነበር። አሁን ያ በር የለም።

ኧርዊን አልትማን የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ምሁር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1975 ይህንን በደንብ አብራርቶታል። ሰው የሚፈልገው ሁልጊዜ ብቻውን መሆን ወይም ሁልጊዜ ከሰው ጋር መሆን አይደለም ይላል። የሚፈልገው ሲያሻው ራሱን መክፈት፣ ሲያሻው መዝጋት መቻልን ነው። በእናንተ ቤት መኝታ ቤት ካልገቡ በቀር ይህን ማድረግ የሚችል የለም። ልጅሽ ያደረገችው ይህንኑ ነው። አንቺ ምሳ እየሠራሽ መኝታ ቤት መግባት አትችይም፤ ስለዚህ ሶፋውን ግድግዳ አደረግሽው።

አሁን ደግሞ በእማማ በኩል እንየው። የራሳቸውን ቤት ትተው ነው የመጡት። እዚያ ቡና የሚያፈሉት፣ እንግዳ የሚቀበሉት፣ «ግቡ» የሚሉት እሳቸው ነበሩ። እዚህ ምን ሥራ አላቸው? ቀኑን ሙሉ የሚያዩት አንቺን የሆነው፣ ቤቱ ውስጥ የሚንቀሳቀስ ሰው አንቺ ብቻ ስለሆንሽ ይመስለኛል። ሥራሽን እየገመገሙ ሊሆን ይችላል፤ ግን እየናፈቁም ሊሆን ይችላል። ከሩቅ ሲያዩት ሁለቱ ዓይን አይለይም።

ባለቤትሽን በተመለከተ ግልጽ ልናገር። እናቱ አዝነው ሲያይ ከአንቺ ጋር ከማውራት ሶፋ መግፋት ቀለለው። ልክ አይደለም። አንቺም ጠዋት መልሰሽ መግፋትሽ ልክ አይደለም። ልጆቹ ይህን ያያሉ። የ14 ዓመት ልጅ ጠዋትና ማታ ቦታው በሚለዋወጥ ሶፋ ላይ መቀመጥ ባትፈልግ አይፈረድባትም። በዚህ ዕድሜ በር መዝጋት በራሱ ጤነኛ ነገር ስለሆነ ለብቻው አያስጨንቅሽ፤ ቤቱ ሲረጋጋ ግን ወጣ ማለት መጀመሯን እዪ።

ከሶፋው በፊት ንግግሩ ይቅደም። ከባለቤትሽ ጋር መንገድ አድክሞት በገባበት ማታ አታንሺው፤ ቅዳሜ ወይም እሁድ ይሁን። «ሶፋው የት ይሁን?» ብለሽ ከጀመርሽ ሁለታችሁም የለመዳችሁትን መልስ ትሰጣላችሁ። «በየትኛው ሰዓት ምኑ ይከብድሃል?» ብለሽ ጠይቂው። አንቺም የራስሽን በሰዓት ንገሪው። «ከረፋድ ጀምሮ እስከ ምሳ ስሠራ ዓይን ያለብኝ ይመስለኛል፣ ይጨንቀኛል» በዪ። ይህ ስለ አንቺ ነው እንጂ በእናቱ ላይ የቀረበ ክስ አይደለም። ስለዚህ እናቱን ለመከላከል አይነሳም።

እማማን ግን ራስሽ አናግሪ፤ በልጃቸው በኩል አይሁን። ቡና አፍልተሽ «እማማ፣ የትኛው ቦታ ይመችዎታል?» በያቸው። «ስለ እኔ አትጨነቂ ልጄ፣ እኔ የትም ይመቸኛል» ማለታቸው አይቀርም። ይሉኝታ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው «ጠይቄያለሁ» ብሎ ያቆማል። አንቺ አታቁሚ። ጥያቄውን አሳንሺው። «ጠዋት ሲጸልዩ ብርሃኑ ይበቃዎታል? መስኮቱ አጠገብ ንፋስ አያስቸግርዎትም? ሲነሱ ሶፋው አይጠልቅብዎትም?» ለእንደዚህ ዓይነት ጥያቄ ትልቅ ሰው ይመልሳል፤ መቸገሩን እንጂ መፈለጉን አልተጠየቀማ። ማንም በሌለበት ሰዓት የት እንደሚቀመጡም ልብ በዪ።

የአዳማን ንፋስ ደግሞ ታውቂዋለሽ፤ የንፋስ ኃይል ማመንጫው እዚያ የተተከለው ያለ ምክንያት አይደለም። ባለቤትሽ በሙቀቱ መስኮት ይከፍት ይሆናል፣ እናቱ ደግሞ ብርድ መታኝ ይላሉ። ይህ ብቻውን አንድ ቤተሰብ ያጣላል። የእሳቸው መቀመጫ ከመስኮቱ ራቅ ይበል።

አሁን ወደ ሶፋው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1950ዎቹ ካናዳ ውስጥ፣ ሳስካችዋን በሚባል ግዛት፣ ሃምፍሪ ኦዝመንድ የተባለ ሐኪምና ሮበርት ሶመር የተባለ የሥነ ልቦና ባለሙያ በአንድ የአእምሮ ሆስፒታል ይሠሩ ነበር። የአረጋውያን ሴቶች ክፍል ታድሶ አምሮ ነበር። ሴቶቹ ግን ግድግዳ ሥር በተደረደሩ ወንበሮች ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ዝም ይላሉ። ሶመር ወንበሮቹን በትንንሽ ጠረጴዛዎች ዙሪያ አደረጋቸው። ሰው የለመደውን ስለሚወድ መጀመሪያ አልተመቻቸውም። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ግን በመካከላቸው የነበረው ንግግር በእጥፍ ገደማ ጨመረ። ሶመር ሌላም ነገር አይቷል። ሰዎች ለማውራት የሚመርጡት የጠረጴዛን ማዕዘን ይዘው በሰያፍ መቀመጥን ነው። በሰያፍ ሲቀመጡ ዓይን ለዓይን መተያየትም ይቻላል፣ ሳያስቀይሙ ዞር ማለትም ይቻላል።

ስለዚህ ባለቤትሽ እንደሚያደርገው ዙሪያውን ግድግዳ ሥር መደርደር ለበዓልና ለክርስትና ይሁን። ያን ቀን ብዙ ሰው ያስቀምጣል፣ ለረከቦቱም መሃሉ ይለቀቃል። የዘወትሩ ግን ሌላ ይሁን። አብዛኛው ኤል ሶፋ ሁለት ቁራጭ ነው፤ ከሥር በብረት ነው የተያያዘው። ፍቱት። ረጅሙን ለቴሌቪዥኑና ለልጆቹ አድርጉት። አጭሩን፣ ወይም ለመነሳት የማያስቸግር ከፍ ያለ ወንበር፣ ለእማማ ስጧቸው። ኪችኑንም የቤቱንም በር በሰያፍ የሚያዩበት ቦታ ይሁን። በኪችኑና በሳሎኑ መሃል ቡፌውን ወይም ወገብ የሚያክል መደርደሪያ አቁሙ። ሳህኑን ይሸፍናል፤ ፊትሽን ግን አይሸፍንም። ጎንበስ ስትይ ብቻሽን ነሽ፣ ቀና ስትይ ከእሳቸው ጋር ነሽ። የምትፈልጊው መክፈትና መዝጋት በዚህ ይገኛል። ትኩስ ጀበና ይዘሽ የምታልፊበት መንገድ ደግሞ ከ80 እስከ 90 ሳንቲሜትር ክፍት ይሁን፤ ለእማማም እግር ይጠቅማል።

ይህ ሁሉ ሆኖ እጃቸው ባዶ ከሆነ ዓይናቸው ወደ አንቺ መመለሱ አይቀርም። ወገባቸው ከቻለ ምስር ይልቀሙ፣ ነጭ ሽንኩርት ይላጡ። የቀትሩን ቡና ሙሉ በሙሉ ለእሳቸው ልቀቂላቸው። ጎረቤት የሚጠሩትም እሳቸው ይሁኑ። ይህ ላንቺ ሊከብድሽ እንደሚችል አውቃለሁ፤ ቤቱን የሠራሽው አንቺ ነሽና። ግን በቀን አንድ ሰዓት የቤቱ ባለቤት የሆነ ሰው፣ የቀረውን ሰዓት ለሌላው መተው አይከብደውም።

ቴሌቪዥኑንም አትርሱ። ግድግዳ በሌለበት ቤት ድምፁ ሁሉም ጋ ይደርሳል። ቢያንስ እራት ላይ ይዘጋ።

የሚቀጥለውን ለባለቤትሽ አንብቢለት። ወንድሜ፣ እናትህ ቅሬታ ሲነግሩህ «እሷን እንጠይቃት» በልና ሁለቱን አገናኝ። መልእክተኛ አትሁን። እናትህ ባሉበት «ይህ ቤት የእሷም ነው» ማለት ያለብህ አንተ ነህ፤ ከእሷ አፍ ከወጣ ፀብ ይሆናል።

አዲሱን አቀማመጥ አንድ ወር ሞክሩት። በዚያ ወር ማንም ብቻውን ዕቃ አያንቀሳቅስ፣ አንቺም ጭምር። ወሩ ሲያልቅ ሴት ልጅሽንም ትንሹንም አስቀምጣችሁ ጠይቁ፣ ያልተመቸውን አብራችሁ ቀይሩ። ንግግሩ ወደ ስድብና ወደ ረጅም ኩርፊያ የሚሄድ ከሆነ ግን የምታከብሩት ሽማግሌ ወይም የቤተሰብ አማካሪ ጋ ሁለታችሁም አብራችሁ ሂዱ። እማማ ስለ መቀመጫቸው ምን እንዳሉሽ ብትጽፊልኝ ደስ ይለኛል።