የአክሲዮን የድሮ ዋጋ፦ ከስድስቱ ቁጥር የትኛውን ልያዝ ላልሽው

እህቴ፣ ጥያቄሽን አየሁት። አጎትሽ አሜሪካ ይሠሩበት ከነበረው ኩባንያ ያገኙትን አክሲዮን ለእናንተ ትተው አርፈዋል። ነፍሳቸውን ይማር። የኩባንያውን የድሮ ዋጋ ስትከፍቺ ግን ለአንዱ ቀን ስድስት ቁጥር መጣብሽ። «ትክክለኛው የቱ ነው? ያለፈውን ዋጋ አይተንስ እንሽጥ ወይስ እንቆይ የሚለውን መወሰን እንችላለን?» ብለሻል።

እኔ እዚሁ ባሕር ዳር በሒሳብ ሥራ ነው የምተዳደረው። ከተማችን ውጭ አገር ዘመድ ያለው ሰው አያጣም። ስለዚህ እንዲህ ያለ ወረቀት ይዞ የሚመጣ ቤተሰብ ገጥሞኝ ያውቃል። በዚያ ሥራ ያየሁትን ልንገርሽ።

ስድስቱም ቁጥሮች ትክክል ናቸው። የሚመልሱት ጥያቄ ነው የሚለያየው። ስለዚህ ቁጥሩን ከመምረጥሽ በፊት «ለምንድን ነው የምፈልገው?» በይ። ለውርስ ጉዳይ ነው? አክሲዮኑ በዓመታት ውስጥ ምን ያህል እንዳደገ ለማወቅ ነው? ሁለቱ የተለያየ ቁጥር ይፈልጋሉ። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

መክፈቻ ማለት ገበያው ሲከፈት የተሸጠበት ነው። መዝጊያው የመጨረሻው ነው። ከፍተኛና ዝቅተኛ በዚያ ቀን የተነካው ጣሪያና ወለል ነው። መጠን የሚለው በዕለቱ ስንት አክሲዮን እንደተገበያየ ያሳያል፣ ለአንቺ ጉዳይ ብዙም አያስፈልግሽም። ስድስተኛው፣ «የተስተካከለ መዝጊያ» የሚባለው፣ ዋናው አሳሳች ነው። ወደ እሱ እመለሳለሁ።

በመጀመሪያ ውርሱ። በአሜሪካ የግብር ሕግ ለወራሽ የሚያዘው መነሻ ዋጋ በመርሕ ደረጃ ሟቹ ያረፉበት ቀን የገበያ ዋጋ ነው። አጎትሽ ከ20 ዓመት በፊት በርካሽ አግኝተውት ሊሆን ይችላል። ያ ዋጋ እናንተን አይመለከትም። የሞቱበት ቀን ዋጋ ደግሞ መዝጊያው አይደለም። የዕለቱ ከፍተኛና ዝቅተኛ ተደምሮ ለሁለት ሲካፈል የሚመጣው ነው። ያረፉት ቅዳሜ ወይም እሑድ ከሆነ ገበያ የለም። ያኔ የአርቡና የሰኞው አማካይ ይወሰዳል። በሕይወት እያሉ በስጦታ ሰጥተዋችሁ ቢሆን ኖሮ ሒሳቡ ሌላ ነበር፤ ባብዛኛው እሳቸው የገዙበት ዋጋ አብሮ ይተላለፋል። ይህን ልዩነት የቤተሰብ አባል ሁሉ ይወቀው። ብዙ ብር የሚያስከፍል ወይም የሚያድን ነውና።

ቀኑን ስትፈልጊ ደግሞ ተጠንቀቂ። የእኛ ሰው ቀን የሚያስታውሰው በእኛ አቆጣጠር ነው። መጀመሪያ ወደ አውሮፓ ቀይሪው። አሜሪካኖች ደግሞ ወር ያስቀድማሉ። 06/09/2014 ተብሎ ካየሽ ጁን 9 ነው፣ በእኛ ሰኔ 2 ቀን 2006። ሴፕቴምበር 6 ብለሽ ካነበብሽው ሦስት ወር ተሳሳትሽ። ሰዓቱም አለ። የኒውዮርክ ገበያ የሚዘጋው በእኛ ከምሽቱ 5 ሰዓት ነው፣ በእነሱ ክረምት ደግሞ ከሌሊቱ 6 ሰዓት። ስለዚህ ማታ ቁጭ ብለሽ የምታዪው የዛሬ ዋጋ ገና ያላለቀ ሊሆን ይችላል። ያለቀለትን ለማየት ጠዋት ክፈቺው።

አሁን ወደ ስድስተኛው ቁጥር። ጁን 9 ቀን 2014ን ያነሣሁት ያለምክንያት አይደለም። አፕል በዚያ ቀን አንዱን አክሲዮን ሰባት አደረገው፤ ይህ ክፍፍል ይባላል። አርብ ዕለት ወደ 645 ዶላር ገደማ የዘጋው አክሲዮን ሰኞ 94 ዶላር አካባቢ ዋለ። ማንም አልከሰረም። አንድ የነበረው ሰባት ሆነለት። ይህን ሳያውቅ የድሮ ወረቀት ከአዲስ ዋጋ ጋር የሚያጋጭ ሰው ግን ይደነግጣል።

አፕል ይህን ያደረገው አምስት ጊዜ ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1987፣ በ2000 እና በ2005 አንዱን ሁለት፣ በ2014 ሰባት፣ በ2020 አራት። ሁሉንም ብታባዢው 224 ይሆናል። ኩባንያው በ1980 ለሕዝብ ሲሸጥ አንዱ አክሲዮን 22 ዶላር ነበር። ዛሬ የድሮ ዋጋውን ስትከፍቺ ግን፣ በክፍፍሎቹ ተስተካክሎ፣ 10 ሳንቲም ገደማ ይልሻል። ሁለቱም እውነት ነው። 22ን ለ224 አካፍዪው። ያኔ 100 አክሲዮን የገዛ ሰው ሳይነካ ቢያስቀምጠው ዛሬ 22,400 አለው።

አደጋው የት ነው መሰለሽ? በአሮጌ የአክሲዮን ወረቀት ላይ የተጻፈውን ብዛት ከተስተካከለው ዋጋ ጋር ማባዛት ነው። 100ን በ10 ሳንቲም ካባዛሽ 10 ዶላር። እውነተኛው 2,200 ዶላር ነበር። የድሮ ብዛት ከድሮ ዋጋ ጋር፣ የአሁን ብዛት ከተስተካከለ ዋጋ ጋር። ማቀላቀል የለም።

ዘጌ ቡና የሚነግዱ ዘመዶች ካሉሽ ይህ ይገባቸዋል። የዘንድሮ የተፈለፈለ ቡና ዋጋን ከአምና የጀንፈል ዋጋ ጋር አስተያይቶ «ቡና እጥፍ ሆነ» የሚል ነጋዴ የለም።

የተገላቢጦሹም አለ። ጄኔራል ኤሌክትሪክ በ2021 ስምንት አክሲዮን ሰብስቦ አንድ አደረገ። ዋጋው በአንድ ሌሊት ስምንት እጥፍ ያደገ ይመስላል። ሀብቱ ግን ያው ነው። ይኸው ኩባንያ በኋላ የሕክምና መሣሪያውንና የኃይል ሥራውን ለይቶ ሌሎች ኩባንያዎች አድርጎ አወጣቸው፤ ለባለአክሲዮኖቹም አከፋፈለ። የአጎትሽ ኩባንያ እንዲህ አድርጎ ከሆነ እናንተ የማታውቁት የሌላ ኩባንያ አክሲዮን በስማቸው ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። ይህን በደንብ ፈትሺ።

ቀጥሎ የትርፍ ድርሻ። ኩባንያ ለባለአክሲዮኖቹ ገንዘብ ሲያወጣ ዋጋው በዚያው ልክ ይወርዳል። ማይክሮሶፍት በ2004 በአንድ ጊዜ ለአንድ አክሲዮን 3 ዶላር ከፈለ። ወደ 30 ዶላር ገደማ የነበረው ወደ 27 ወረደ። ሥዕሉን ብቻ ያየ ሰው መጥፎ ዜና የመጣ ይመስለዋል። ገንዘቡ ግን በባለቤቱ ኪስ ነው። «የተስተካከለ መዝጊያ» ይህንንም ወደ ኋላ እየሄደ ያስተካክላል። ስለዚህ በብዙ ድረ ገጾች ላይ የተስተካከለው ዋጋ ማንም ያልገዛበት፣ ማንም ያልሸጠበት ቁጥር ነው። አክሲዮኑ በ10 ዓመት ምን ያህል እንደጠቀመ ለመለካት ግሩም ነው። ለውርስ ወረቀት ግን ፈጽሞ አይሆንም። ሌላም ልጨምር፤ ብዙ ድረ ገጾች ተራውን መዝጊያም ለክፍፍል አስተካክለው ነው የሚያሳዩት። ስለዚህ ክፍፍል የተደረገበትን ቀን ዝርዝር ሁልጊዜ ከጎኑ ክፈቺ።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄሽ። ያለፈውን አይቶ መወሰን ይቻላል ወይ? ያለፈ ዋጋ ነገ የሚሆነውን አይነግርሽም። ይህን የምልሽ ከልቤ ነው። ማይክሮሶፍትን እንደገና እይው። በ1999 መጨረሻ ላይ 60 ዶላር ሊነካ ደርሶ ነበር፣ በክፍፍል ተስተካክሎ። ያንን ጣሪያ መልሶ ያለፈው በ2016 ነው። በመካከሉ ኩባንያው አልሞተም። ትርፉ አድጓል፣ ዕቃው በየቢሮው ነበር። የጎዳው ሰዎች መጀመሪያ የከፈሉት ዋጋ ነበር። እኛ የምናውቀው ሳፋሪኮምም አለ። በ2008 በናይሮቢ አንዱ በ5 ሽልንግ ተሸጠ። ብዙም ሳይቆይ ከ3 ሽልንግ በታች ወረደ። በ2021 ከ40 አለፈ። በ2023 ደግሞ ከ15 በታች ነበር። በየትኛው ቀን ላይ ቆመሽ «አዝማሚያው ይኸ ነው» ትያለሽ?

ታዲያ ያለፈው ዋጋ ምን ይጠቅማል? አክሲዮኑ በመጥፎ ጊዜ ምን ያህል ሊወርድ እንደሚችል ያሳይሻል። በ2008ና በ2020 ምን እንደሆነ እይ። በግማሽ የወረደ ከሆነ ራስሽን ጠይቂ። ይህ ገንዘብ ለወንድምሽ ትምህርት የታሰበ ከሆነና ነገ በግማሽ ቢወርድ ትችሉታላችሁ? ካልቻላችሁ መልሱ ከዋጋው ታሪክ ሳይሆን ከእናንተ ጓዳ ነው የሚመጣው። በእኔ እምነት ቤተሰቡ ያለው ሀብት በሙሉ በአንድ ኩባንያ መቀመጥ የለበትም፣ ኩባንያው የቱንም ያህል ስመ ጥር ቢሆን።

ወደ ብር ስትቀይሪም አደራ። በእኛ አቆጣጠር በሐምሌ 2016 የምንዛሪ ለውጡ ሲመጣ 57 ብር ገደማ የነበረው የባንክ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በዶላር ባለበት የቆመ አክሲዮን በብር እጥፍ የሆነ ይመስላል። ያደገው ኩባንያው አይደለም። መጀመሪያ በዶላር ለኪ፣ ከዚያ ቀይሪ።

አንድ የቡድናችን አባል «ለባንክ አክሲዮናችንስ?» ብሎ ከጥያቄሽ ሥር ጠይቋል። ባጭሩ፣ የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋይ ገበያ ሥራ የጀመረው በእኛ በጥር 2017 ነው፤ መጀመሪያ የተመዘገበውም ወጋገን ባንክ ነው። ስለዚህ የዋጋ ታሪክ የሚባለው ገና ጥቂት ነው። ቀድሞ የገዛንበት በወረቀቱ ላይ የተጻፈ ዋጋ ነው፣ የገበያ ዋጋ አይደለም። የኢትዮ ቴሌኮም 300 ብርም እንዲሁ መሸጫ ሆኖ የወጣ ዋጋ ነው። በየዓመቱ በአንድ አክሲዮን የተከፈለውን የትርፍ ድርሻና ወደ ካፒታል የዞረውን በደብተር መያዝ ለጊዜው ይበልጥ ይጠቅማል።

እህቴ፣ አሁን አድርጊ የምልሽ ይኸን ነው። የሞት ማስረጃውን ቀን ወደ አውሮፓ ቀይረሽ ያዢ። የዚያን ቀን ከፍተኛና ዝቅተኛ ያለበትን ገጽ አትሚ፣ መብራትና ኔትወርክ እያለ። የክፍፍሉንም ዝርዝር አትሚ። ከዚያ የኩባንያውን አክሲዮን መዝጋቢ፣ ማለትም የባለአክሲዮኖቹን ስምና ብዛት የሚይዘውን ድርጅት፣ በደብዳቤ ጠይቂ፤ በአጎትሽ ስም ያለው ብዛት ዛሬ ስንት እንደሆነ በጽሑፍ ይንገሯችሁ። የተሰበሰበውን ይዘሽ አንድ የአሜሪካ ግብር ባለሙያ ማማከሩም ተገቢ ነው። ይህን ግን አታዘግዪው። በአሜሪካ ባለቤቱ ለተወሰኑ ዓመታት ድምፁ ያልተሰማ አክሲዮን ወደ ክፍለ ግዛቱ መንግሥት ይዛወራል። መንግሥትም ሊሸጠው ይችላል። ያኔ የምትጠይቁት አክሲዮኑን ሳይሆን የተሸጠበትን ገንዘብ ብቻ ይሆናል።