የሰርግ ካሜራ ይዤ ዶክመንተሪ መሥራት እችላለሁ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። የምኖረው ጎንደር፣ ማራኪ አካባቢ ነው። 24 ዓመቴ ነው። ሰርግ እቀርጻለሁ፣ ኤዲት የማደርገውም ራሴ ነኝ። እኛ ግቢ ከገጠር የመጣች ልጅ አለች፤ ቀን ሰው ቤት ትሠራለች፣ ማታ ትማራለች። እሷና ጓደኞቿ ሲመሽ ደብተራቸውን በነጠላ ሸፍነው ሲሄዱ ባየሁ ቁጥር ስለነሱ ዶክመንተሪ መሥራት አለብኝ እላለሁ። እናቴ ግን "ከዚህ እንጀራ ይወጣል ወይ?" ትለኛለች፣ መልስ የለኝም። እንዲህ ዓይነት ፊልም የሠሩ ሰዎች ከምን ተነሥተው፣ በምን እየኖሩ ነው የሠሩት? የፊልም ትምህርት አልተማርኩም። ሰርጉንስ ልተወው? የቀረጽኩትንስ የት ላስቀምጠው? የሰርጉን ከስድስት ወር በኋላ አጠፋዋለሁ።

መልስ፦ እህቴ፣ ሰርጉን አትተዪው። ለምን እንደምልሽ ልንገርሽ፤ ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምጽፍልሽ።

ከራስሽ ከተማ ልጅ እንጀምር። ፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማ የተወለዱት ጎንደር ነው፣ በ1946። አባታቸው ቴአትር ይጽፉ ነበር። በ1967 አሜሪካ ሄዱ፤ መጀመሪያ ቺካጎ ቴአትር፣ ከዚያ ሎስ አንጀለስ ፊልም ተማሩ። ሰው ሁሉ የሚያውቃቸው በ"ሳንኮፋ" እና በ"ጤዛ" ነው፣ ግን ዶክመንተሪም ሠርተዋል፤ "አድዋ" የ1999 ሥራቸው ነው። እናትሽ የጠየቁሽን ጥያቄ እሳቸው ላይ ብናነሣው መልሱ አጭር ነው፦ አስተምረው ነው የኖሩት። ከ1975 ጀምሮ ለብዙ አሥርት ዓመታት ዋሽንግተን፣ ሐዋርድ ዩኒቨርሲቲ መምህር ነበሩ። ደሞዙ ከዚያ፣ ፊልሙ ከዚህ። "ሳንኮፋ" በ1993 አልቆ አከፋፋይ ሲታጣ ደግሞ ከባለቤታቸው ከሺሪኪያና አይና ጋር ሆነው ሲኒማ ቤት እየተከራዩ፣ ከተማ ለከተማ ይዘውት ዞሩ። ሰውም ተሰልፎ አየው። "ጤዛ" እስኪሠራ ስንት ዓመት እንደፈጀ ብነግርሽ ትደነግጫለሽ፤ ከአሥር ዓመት በላይ ነው። በ2008 ቬኒስ ፊልም ፌስቲቫል ላይ ተሸለመ፣ በቀጣዩ ዓመት ቡርኪና ፋሶ የሚካሄደውን የአፍሪካ ፊልም ፌስቲቫል፣ የፌስፓኮን ትልቁን ሽልማት ወሰደ።

ፊልም ሠሪዋ ሳሌም መኩሪያም እንዲሁ ናቸው። ቦስተን ውስጥ ለሕዝብ ቴሌቪዥን ሲሠሩ ቆይተው ዌልስሊ ኮሌጅ ገብተው አስተማሩ። ከዚያ ጎን ለጎን ወደ ሱዳን ስለተሰደዱ ሴቶች "ስደት" የሚለውን ፊልም በ1991፣ ቀጥሎም ስለ ቀይ ሽብር ዘመን "የወንዝ ማዕበል"ን ሠሩ። ሁለተኛው የገዛ ወንድማቸው ታሪክ ያለበት ነው። ልብ በይ፣ ሁለቱም ሰዎች ሌላ ሥራ ነበራቸው፣ ፊልሙን ግን አልተዉትም።

ሌላ ሥራ ሲባል የግድ መምህርነት አይደለም። ዶክተር ምሕረት ማንደፍሮ ሐኪም ናት። ጥቁር አሜሪካውያን ሴቶች ላይ ኤችአይቪ ለምን እንደበረታ ስታጠና በ2008 የወጣ ዶክመንተሪ ስለ ሥራዋ ተሠራ፤ ከካሜራ ፊት የነበረችው ከኋላ ሄዳ ፕሮዲዩሰር ሆነች፣ ከእውነተኛ የጠለፋ ታሪክ የተሠራውን "ድፍረት" የተባለ ፊልምም ፕሮዲዩስ ካደረጉት አንዷ እሷ ናት። ጄሲካ በሽር ደግሞ ሐረር አድጋ በ16 ዓመቷ ወጣች። ተመልሳ ስለ ጫትና ስለ ሐረር ወጣቶች "ፋያ ዳዪ"ን ስትሠራ 10 ዓመት ፈጀባት። ያውም ካሜራውን የያዘችው ራሷ ናት! አንቺም ካሜራ መያዝ ታውቂያለሽ። የጠቆረ አዳራሽ ውስጥ ሙሽራ ስታለቅስ ፎከስ ሳትስቺ የቀረጽሽ ልጅ፣ በደብዛዛ መብራት የሚማሩ ልጆችን መቅረጽ አያቅትሽም።

ስለዚህ እናትሽን "ከዶክመንተሪው እንጀራ አይወጣም፣ ቶሎ አይወጣም፣ እንጀራው ከሰርጉ ነው" በያቸው። ደግሞ ሥራሽ ራሱ ጊዜ ይሰጥሻል። ሁዳዴ ሲገባ ሰርግ የለም። 55 ቀን ሙሉ ካሜራሽ ቁጭ ይላል፣ የማታ ትምህርት ግን አይቆምም። ያንን ጊዜ ያዢ። አንድ ሁዳዴ አይበቃሽም፤ ሁለት ሦስት ይፈጃል፣ በዚህ መሀል ልጆቹ ያድጋሉ፣ አንዷ ክፍል ታልፋለች፣ አንዷ ትምህርቱን ታቋርጣለች፣ ፊልምሽ እዚያ ውስጥ ነው ያለው።

አሁን የሚከብደውን ልንገርሽ። የዛሬ ብዙ ዓመት አንዲት ጠላ ሻጭ ቀርጬ ነበር። እሺ ብላኛለች። እሺ ያለችው ግን ለእኔ ነው እንጂ ለሰፈሩ ሁሉ አልነበረም፤ የት እንደሚታይ በደንብ አልነገርኳትም። በቴሌቪዥን ሲታይ ልጆቿ ትምህርት ቤት ተሰደቡ። ይቅርታ ልጠይቃት ሄድኩ። ቡና አፍልታ አስተናገደችኝ፣ ያ ደግሞ የበለጠ አሳመመኝ። እስካሁን አልወጣልኝም።

"ድፍረት"ም ቢሆን በ2014 አዲስ አበባ ሊመረቅ በነበረበት ምሽት በፍርድ ቤት ትእዛዝ ታግዷል፤ ታሪኳ የተሠራባት ሴት አልፈቀድኩም ብላ ነበር። አንቺ ጋ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ልጆቹ ትናንሽ ናቸው። እሺታ የሚያስፈልግሽ ከልጅቷ ብቻ ሳይሆን ገጠር ካሉት ወላጆቿ፣ ከትምህርት ቤቱ፣ የምትሠራበት ቤት ውስጥ ከቀረጽሽ ከቤቱ ባለቤትም ነው። አሠሪዋ ፊልሙን አይታ ብታባርራትስ? ይህን ሳታስቢ ሪከርድ አትጫኚ። ፊታቸውን ሳታሳዪ እጃቸውን፣ ድምፃቸውን፣ መንገዳቸውን ይዘሽ መሥራት ትችያለሽ። ከመታየቱ በፊት ደግሞ መጀመሪያ የሚያዩት እነሱ ይሁኑ። "ይቺን አውጪ" ያሉሽን አውጪ። ብታምርም አውጪያት።

ትምህርት አልተማርኩም ላልሽው፣ የሚጎድልሽ ካሜራ ሳይሆን ድምፅ ይመስለኛል። ሰርግ ላይ ዘፈን ይጫንበታልና ድምፅ ቢበላሽም ያልፋል። እዚህ አያልፍም። አዲስ ሌንስ ከመግዛትሽ በፊት ደረት ላይ የሚሰካ ጥሩ ማይክ ግዢ።

ገንዘብ ለመጠየቅ አትቸኩዪ። መጀመሪያ አምስት ደቂቃ የሚያህል ቆንጆ ነገር ቀርጸሽ ቁረጪ። ከዚያ በኋላ የአፍሪካን ዶክመንተሪ የሚደግፉ አሉ፤ አምስተርዳም ያለው የዶክመንተሪ ፊልም ፌስቲቫል፣ የኢድፋ በርታ ፈንድ አንዱ ነው። የሚያዩት የቀረጽሽውን ነው፣ ዲግሪሽን አይደለም።

በዚያው ደብዳቤ መጨረሻ ላይ "የቀረጽኩትን የት ላስቀምጠው? የሰርጉን ከስድስት ወር በኋላ አጠፋዋለሁ" ብለሻል። ይኼን አታጥፊ! ሁለት ሃርድ ዲስክ ግዢ። አንዱ አንቺ ጋ ይሁን፣ ሌላው ሌላ ቤት፣ ለምሳሌ አክስት ካለችሽ ቁም ሳጥኗ ውስጥ። በላዩ ላይ ቀኑንና የልጅቷን ስም የመጀመሪያ ፊደል ብቻ ጻፊበት።