«አመመኝ» ስትልሽ፦ ለአክሪሊክ ጀማሪዎች ጥያቄና መልስ

ፒያሳ አካባቢ አክሪሊክ፣ ማለትም ከፈሳሽና ከዱቄት የሚሠራ ሰው ሠራሽ ጥፍር፣ መሥራት ከጀመርኩ ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ። ሰሞኑን ከጀማሪዎች የሚመጣልኝ ጥያቄ ዞሮ ዞሮ አንድ ነው፦ «አክሪሊክ ሠራሁላት፣ አመመኝ አለች፤ ምን አጥፍቼ ነው?» ዛሬ ከሰዓት መብራት የለም፣ ቀጠሮዎቼም ተሰርዘዋል። ጠይቁኝ፣ እስኪመሽ እመልሳለሁ።

አንድ ልመና ብቻ አለኝ። ስትጠይቁ ህመሙ መቼ እንደጀመረ ጻፉልኝ። እየሠራችሁ ሳለ ነው? የዚያኑ ዕለት ማታ? ወይስ ከሁለት ቀን በኋላ? የመልሱን ግማሽ የማገኘው ከሰዓቱ ነው። ሐኪም አይደለሁም፤ የሐኪም ጉዳይ ሲሆን ሐኪም ጋ ሂዱ እላለሁ።

ጥያቄ፦ ካዛንቺስ ነኝ፤ ሥልጠና ከጨረስኩ ሦስት ሳምንቴ ነው። አክሪሊኩን እያስቀመጥኩላት «አቃጠለኝ» ብላ እጇን መነጨቀችኝ። አስተማሪያችን «ትንሽ ይሞቃል፣ ይለመዳል» ትለን ነበር። እውነት ነው?

መሞቅ ሌላ፣ ማቃጠል ሌላ። ፈሳሹና ዱቄቱ ተገናኝተው ሲጠነክሩ ሙቀት ያወጣሉ። ጠባያቸው ነው። ጤነኛ ጥፍር ላይ ደንበኛዋ ወይ ምንም አይሰማትም፣ ወይ ለብ ይልባታል። እጇን ከመነጨቀች ግን ከሦስቱ አንዱን አድርገሻል፦ ጥፍሩን በሞረድ አሳስተሽዋል፣ ብሩሽሽ ላይ ፈሳሽ በዝቷል፣ ወይም ፕራይመሩ (አክሪሊኩ እንዲይዝ ቀድሞ የሚቀባው) ቆዳ ነክቷል።

የት ጋ እንዳቃጠላት ጠይቂያት። ጥፍሩ መሀል ከሆነ ሳስቷል። እስቲ ጥፍሯን ከሥር በኩል እይው፤ ቀይ ግማሽ ቀለበት ካለ ድሪሉ፣ በኤሌክትሪክ የሚዞረው ሞረድ፣ ነው የሠራው። ዳር ዳሩን፣ ቆዳው ጋ ከሆነ ፕራይመሩን ጠርጥሪ። አሲድ ያለው ፕራይመር ውስጡ ሜታክሪሊክ አሲድ ነው፣ ቆዳ ያቃጥላል። ወዲያው ቧንቧ ሥር ውሰጂያት፤ ብዙ ውሃ፣ ረጅም ጊዜ። በሶፍት ጠርጎ ሥራ መቀጠል የለም።

ስለ ፈሳሹ መጠን ደግሞ፦ ብሩሹ ላይ ያለው ኳስ ጥፍሩ ላይ ስታስቀምጪው አንድ ሁለት ሰከንድ ቅርጹን ይዞ ይቆይና ቀስ ብሎ ይዘረጋል። እንደ ውሃ ወደ ቆዳው ከሮጠ በዝቷል። የአዲስ አበባ ጠዋት ደግሞ የራሱ ተንኮል አለው። ክፍሉ ሲቀዘቅዝ አክሪሊኩ ይዘገያል፣ አንዳንዴም በረዶ የመሰለ ነገር ይታይበታል። ጀማሪ ይደነግጥና መጠኑን ይቀያይራል። መጠኑን ተይው፣ የደንበኛዋን እጅና ክፍሉን አሙቂ። በከሰል ግን አይደለም! የፈሳሹ ተን እሳት ይይዛል። ሳሎን ውስጥ ቡና የምታፈሉ ካላችሁ ምድጃውን ከጥፍር ጠረጴዛው አርቁት።

ጥያቄ፦ ስንት ቁጥር ሞረድ ልጠቀም?

የተፈጥሮ ጥፍር ላይ 180 ወይም ከዚያ የለሰለሰ። 100ው ለአክሪሊኩ ብቻ ነው። የሴት ጥፍር ውፍረቱ ግማሽ ሚሊሜትር ገደማ ነው፣ የሚባክን ነገር የለውም። ማንጸባረቁ ከጠፋ በቃ፣ አቁሚ። ድሪሉን ደግሞ እጅሽ እስኪገራ ቲፕ (ጥፍር ለማስረዘም የሚለጠፈው ፕላስቲክ) ላይ ተለማመጂበት፣ ሰው ጣት ላይ አይደለም።

ጥያቄ፦ እኔ ጋ ስትወጣ ደህና ነበረች። ማታ ደውላ «አሥሩም ጣቶቼ ይጠዘጥዛሉ፣ እንቅልፍ አልወስድ አለኝ» አለች። ቅላትም እብጠትም የለም። የላከችልኝ ፎቶ ላይ ጥፍሮቹ ያምራሉ።

ማማራቸው አያታልሽ። አሥሩም ላይ፣ የዚያኑ ማታ፣ ሳያብጥ? ይሄ መጨመቅ ነው። ጠባብ ቲፕ በግድ ጠፍጥፈሽ ለጥፈሻል። ቲፑ ወደ ቦታው ልመለስ እያለ ጥፍሩን ከግራና ቀኝ ይስባል። አክሪሊክ ራሱም ሲጠነክር ትንሽ ይኮማተራል። ሁለቱ ሲደመሩ ጠባብ ጫማ አድርጎ መተኛት ማለት ነው።

ቲፑ ሳትጫኚው ከዳር እስከ ዳር መድረስ አለበት። በሁለት ቁጥር መሀል ከወደቀ ትልቁን ወስደሽ ጎኑን ሞርጂው። ዘጠኝ ዓመት ሠርቼ ዛሬም ትልቁን አንስቼ እሞርዳለሁ፣ ሃያ ደቂቃዬን ይበላል፣ ይብላ።

ርዝመትም ሌላው ጣጣ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ለምታሠራ ሴት ረጅም አትሥሪላት። ማታ ቤቷ ገብታ ድስት ታጥባለች፣ እንጀራ ከምጣድ ታወጣለች። ረጅሙ ጥፍር በነካ ቁጥር እንደ መንሽ ሥሩን ይፈነቅለዋል።

እስከ ጠዋት ካልተሻላት ትምጣና አውልቂላት። ላዩን ሞርደሽ ቀንሺው፣ በአሴቶን የተነከረ ጥጥ፣ በላዩ ፎይል፣ ከሃያ እስከ ሠላሳ ደቂቃ። ካልለቀቀ እንደገና። መፈንቀል የለም። ስትፈነቅይ የሚነሳው አክሪሊኩ ብቻ አይደለም፣ የጥፍሯም ሽፋን አብሮ ነው።

ጥያቄ፦ ሜክሲኮ አካባቢ ነው የምሠራው። ደንበኛዬ ሦስተኛ ጊዜዋ ነው፣ ከዚህ በፊት ምንም አልሆነችም። አሁን ከሠራሁላት በሁለተኛው ቀን ጣቷ ዙሪያ ቀላ፣ ያሳክካታል፣ ውሃ የቋጠሩ ትናንሽ ነገሮች ወጡባት። ጭራሽ የዓይኗ ሽፋን አበጠ! ዓይኗን እኮ አልነካሁም። እናቷ ምች ነው ብለው ዳማከሴ አሽተውላታል። ወደ ጄል ልቀይርላት?

እህቴ፣ ይሄኛውን ቁጭ ብለሽ አንብቢው።

ምች አይደለም፣ አለርጂ ነው የሚመስለው። ሰዓቱ ይናገራል፦ ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ዘግይቶ መምጣት፣ ማሳከክ፣ ውሃ መቋጠር። «ከዚህ በፊት ደህና ነበርኩ» ማለቷም ራሱ ምልክት ነው። ሰውነት መጀመሪያ ይተዋወቃል፣ ዝም ይላል። በሦስተኛው ወይም በአሥረኛው ጊዜ አውቆት ይነሳበታል። ዓይኗ ያበጠው በራሷ ጣት ነው። በቀን ስንቴ ፊታችንን እንደምንነካ አስቢው፤ የዓይን ሽፋን ደግሞ ስስ ነው። አንገቷም ላይ ሊወጣ ይችላል።

አለርጂውን የሚያመጣው ያልጠነከረ ፈሳሽ ቆዳ ሲነካ ነው። ስለዚህ ጥፋቱ የዕቃ ብቻ ሳይሆን የእጅም ነው። በኩቲክሉ (ጥፍሩ ሥር ባለው ስስ ቆዳ) እና በአክሪሊኩ መሀል የፀጉር ያህል ክፍተት ተዪ። ቆዳ ከነካ ሳይጠነክር አጽጂው። ዳሩን ለማስተካከል ብሩሹን በፈሳሽ ነክሮ ቆዳ ላይ መጥረግ ብዙ ቦታ አያለሁ፤ እባካችሁ።

ጄል? በፍጹም። ጄልም፣ በመብራት የሚጠነክረው፣ የዚሁ ቤተሰብ ልጅ ነው። እንዲያውም ጄል ፖሊሽ ውስጥ የሚገባው ሄማ የሚባለው ነገር ዋነኛ ቀስቃሽ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ከ2021 ወዲህ ሄማ ያለበት የጥፍር ዕቃ ለባለሙያ ብቻ እንዲሆንና አለርጂ ሊያመጣ እንደሚችል ማስጠንቀቂያ እንዲጻፍበት አድርጓል። እኛ ጋ ያንኑ ጠርሙስ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ገዝታ ቤቷ ትቀባለች።

አሁን የምታደርጊው፦ ሁሉንም በአሴቶን አውልቂላት፣ ቆዳዋ ከተላጠ ግን መጀመሪያ ሐኪም ይያት። ዳማከሴውም፣ ነጭ ሽንኩርቱም፣ ቅባቱም ይቅር፤ የቆሰለ ቆዳ ላይ ምንም አይታሽም። የቆዳ ሐኪም ጋ ትሂድ። አለርት ሆስፒታል የቆዳ ሕክምና አለው፣ ሌላም ቦታ ይገኛል። ለሐኪሙ «አክሪሊክ ጥፍር ተሠርቼ ነው» ማለቷን እንዳትረሳ፣ ካልነገረችው ፈንገስ ሊመስለው ይችላል።

ክፉው ዜና ይሄ ነው፦ አንዴ ከያዛት አብዛኛውን ጊዜ ዕድሜ ልክ ነው። ተመሳሳይ ኬሚካል በጥርስ ሙሌት፣ በአጥንት ቀዶ ሕክምና ሲሚንቶ፣ የስኳር ሕመምተኞች ቆዳ ላይ በሚለጠፍ መለኪያ ማጣበቂያ ውስጥ አለ። የጥርስ ሐኪም ጋ ስትሄድ መናገር አለባት። ስለዚህ ነው «ይለመዳል» የሚለው ቃል የሚያናድደኝ።

ጥያቄ፦ እኔው ነኝ። ገንዘቤን መልሽ ብላኛለች። ልመልስ?

እኔ እመልሳለሁ። የታክሲም እጨምራለሁ።

ጥያቄ፦ መርካቶ ሊትሩን በርካሽ አገኘሁ፣ በሃይላንድ ተቀድቶ። ጽሑፍ የለውም። ሽታው ግን ዓይን ያስለቅሳል። ችግር አለው?

አለው። ጽሑፍ የሌለውን ፈሳሽ ሰው ጣት ላይ አታድርጊ።

ሁለት ዓይነት ፈሳሽ አለ። የሚፈለገው ኢኤምኤ ነው፣ ኤቲል ሜታክሪሌት። ርካሹ ኤምኤምኤ ነው፣ ሜቲል ሜታክሪሌት። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በ1970ዎቹ የጉዳት አቤቱታ ደርሶት ንጹሕ ኤምኤምኤ የያዙ የጥፍር ዕቃዎች ላይ እርምጃ ወስዷል። ችግሩ ድንጋይ ሆኖ መጠንከሩ ነው። በር ወይም መሳቢያ ቢመታው አክሪሊኩ አይሰበርም፣ የደንበኛዋ ጥፍር ከሥሩ ይነሳል።

ምልክቱ? ሽታው በጣም የሚሰነፍጥ ነው፣ ለመሞረድ ያስቸግራል፣ አሴቶን ውስጥ ግማሽ ሰዓት ቆይቶም አይለሰልስም። ቲፕ ላይ ሠርተሽ ብትነክሪው አይለይልሽም፣ ቲፑ ራሱ ይሟሟል። ፎይል ላይ ትንሽ ኳስ አድርጊ፣ በማግሥቱ አሴቶን ውስጥ ጣይው። ካልለሰለሰ ርካሹን ፈሳሽ በውድ ገዝተሻል።

ጥያቄ፦ የጥፍር ሙጫ ጭኗ ላይ ፈሰሰ። ቶሎ ብዬ በጥጥ ስጠርገው ጮኸች። ምን ሆኖ ነው?

ይሄ በእኔም ደርሷል። ጥር ወር ነው፣ ሙሽራ ነች፣ ሚዜዎቿ ዙሪያዬን ቆመዋል። ሙጫው ከእጄ አምልጦ የጥጥ ሱሪዋ ላይ ፈሰሰ። መጀመሪያ ጭስ አየሁ። ቀጭን፣ ነጭ ጭስ፣ ከሱሪዋ። ከዚያ ጮኸች። እኔ ደግሞ እንዳንቺው ጥጥ አንስቼ ጨመርኩበት።

የጥፍር ሙጫ ሲያኖአክሪሌት ነው። ጥጥ ሲነካ በአንዴ ይጠነክራል፣ ሲጠነክር ይግላል፣ ቆዳ እስኪያቃጥል። ስለዚህ ጥጥም ሶፍትም አይነካውም። ልብሱ ካልተጣበቀ ቶሎ ይውለቅ፣ ከተጣበቀ አትሳቢው። ቀዝቃዛ የቧንቧ ውሃ፣ ሃያ ደቂቃ ያህል። ውሃ ከቋጠረ ጤና ጣቢያ። አሁን ሙጫ ስከፍት የደንበኛዬ ጭን ላይ የፕላስቲክ ሽርጥ አነጥፋለሁ። ሙሽራዋ ጠባሳውን ይዛ ነው ያገባችው።

ጥያቄ፦ ኩቲክሏን ቆርጬላት ነበር። በአራተኛው ቀን የአንድ ጣቷ ጎን አበጠ፣ ይመታል፣ መግል ይዟል።

አንድ ጣት፣ መግል፣ ከቀናት በኋላ፦ ኢንፌክሽን ነው። አክሪሊኩን አትወንጅዪ፣ መቁረጫሽን ነው። ሐኪም ጋ ዛሬ። በመርፌ አታፍርጪው። መቁረጫሽን በሳሙናና በብሩሽ ታጥቢዋለሽ፣ ከዚያ ለብረት ዕቃ በተሠራ ጀርም ገዳይ መድኃኒት ትዘፈዝፊዋለሽ። አልኮል እርጭ አድርጎ ለቀጣዩ ሰው መስጠት ጨዋታ ነው። ደም ከነካ ሄፓታይተስ ቢም ይተላለፋል። ሕያው ቆዳ አትቁረጪ፣ ግፊው።

ጥያቄ፦ ሪፊል (ጥፍሩ ሲያድግ የሚከፈተውን መሙላት) ልታሠራ መጣች፣ ሥሩ አረንጓዴ ሆኗል። ቀብቼ ልሸፍነው?

አትሸፍኝው። በተነሳው አክሪሊክ ሥር ውሃ ገብቶ ባክቴሪያ አድጓል። አውልቂው፣ ይድረቅ፣ ይተንፍስ፣ ካመማት ወይ ከሰፋ ሐኪም ይየው። የነካሽበትን ሞረድ ጣይው። ቀለሙ እስኪያድግና እስኪቆረጥ ይቆያል፤ ጥፍር በወር 3 ሚሊሜትር ገደማ ነው የሚያድገው።

ጥያቄ፦ ወንድ ነኝ፣ ስታዲየም አካባቢ ጥፍር እሠራለሁ። ደንበኞቼ ደህና ናቸው፣ የእኔ ጣቶች ግን ይሰነጣጠቃሉ፣ ያሳክኩኛል።

ወንድሜ፣ አንተም ላይ ጀምሯል ማለት ነው፤ የቆዳ ሐኪም ጋ ሂድ። እንጀራህ ነውና ቶሎ። እስከዚያው የናይትራይል ጓንት አድርግ፣ የላቴክሱን ተወው። ቀጭኑ ናይትራይልም ቢሆን ፈሳሹን የሚያግደው ለደቂቃዎች ነው፣ ከነካህ ወዲያው ቀይር። ብሩሽህን በጣትህ አትጥረግ። ብናኙም ሙሉ በሙሉ ያልጠነከረ ሊሆን ስለሚችል እጅጌህ ላይ አይከማች፤ መስኮት ክፈት፣ ጠረጴዛውን በእርጥብ ጨርቅ ጥረግ።

ጥያቄ፦ ደንበኛ ደውላ «አመመኝ» ስትል ክው እላለሁ። ምን ብዬ ልመልስ?

መጀመሪያ ይቅርታ በያት፣ አትከራከሪ። ከዚያ አራት ነገር ጠይቂ፦ መቼ ጀመረሽ? ስንት ጣት? ጥፍሩ ነው ቆዳው? ያማል ወይስ ያሳክካል? ፎቶ በመስኮት ብርሃን ትላክልሽ፣ በአምፖል ቅላት አይታይም። ትኩሳት ካላት፣ ቅላቱ ወደ እጇ ከወጣ ወይም ፊቷ ካበጠ «ነይ ልየው» አትበዪ፣ ሐኪም ቤት ላኪያት። መተንፈስ ካስቸገራት ደግሞ ድንገተኛ ክፍል፣ ያኔውኑ።

ደብተር ያዢ። በዚያ ቀን የትኛውን ፈሳሽ፣ የትኛውን ፕራይመር፣ ስንት ቁጥር ቲፕ እንደተጠቀምሽ ጻፊ። ሐኪሙ ሲጠይቃት መልሱ ያለው አንቺ ጋ ነው።