የአንጎል ምስል የመርሳት በሽታን ዓይነት ይለያል?

ጥያቄ፦ የ71 ዓመት እናቴ መርሳት ካበዙ ዓመት ሆናቸው። የኤምአርአይ ውጤታቸው «መጠነኛ የአንጎል መሟሸሽ» ይላል። አልዛይመር ነው ማለት ነው?

መልስ፦ ከዚህ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነውም አይደለምም ማለት አይቻልም። የኤምአርአይ የመጀመሪያ ሥራ ሌላ መንስኤን ማግለል ነው፦ ዕጢ፣ በራስ ቅልና በአንጎል መካከል የተጠራቀመ ደም፣ በአንጎል ውስጥ የበዛ ፈሳሽ። እነዚህ ሊታከሙ ይችላሉ።

ቀጥሎ የሚታየው የመሟሸሹ ቦታ ነው። በአልዛይመር ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚጎዳው ሂፖካምፐስ፣ ማለትም አዲስ ትውስታ የሚመዘገብበት ክፍል ነው። የመሟሸሹ መጠን ከ0 እስከ 4 ይመዘናል፤ ከ75 ዓመት በታች 2 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ያጠራጥራል። «መጠነኛ» የሚለው ቃል ግን ቦታውንም ነጥቡንም አይነግረንም፤ ሐኪሙን ሁለቱንም ይጠይቁ። የፊተኛው ክፍል ጎልቶ ከሟሸሸ ፍሮንቶቴምፖራል ዲሜንሺያ (ባህሪን ወይም ንግግርን ቀድሞ የሚለውጥ ዓይነት)፣ የደም ሥር መዘጋት ጠባሳዎች ከበዙ ቫስኩላር ዲሜንሺያ (ከደም ሥር ችግር የሚመጣ የመርሳት በሽታ) ይታሰባል። በሌዊ ቦዲ (በአንጎል ሴሎች ውስጥ በሚጠራቀም ፕሮቲን የሚታወቅ ሌላ የመርሳት በሽታ) ሂፖካምፐስ ብዙም ላይጎዳ ስለሚችል ኤምአርአዩ ያሳስታል፤ እዚያ የሚረዳው የዶፓሚን (በአንጎል ውስጥ መልእክት የሚያስተላልፍ ኬሚካል) ስካን ነው።

ጥርጣሬው ካልጠራ የስኳር ፔት ስካን፣ ማለትም አንጎል ስኳርን እንዴት እንደሚጠቀም የሚያሳይ ምስል ይታዘዛል። ቢያንስ 4 ሰዓት መጾም ያስፈልጋል፤ የደም ስኳር ከፍ ካለ ምስሉ ይደበዝዛል። አሚሎይድን፣ ማለትም በአልዛይመር አንጎል ውስጥ የሚጠራቀመውን ፕሮቲን የሚያሳየው የአሚሎይድ ፔት ነጻ ከሆነ አልዛይመር የመሆኑ ዕድል እጅግ ይቀንሳል፤ ከተገኘ ግን ጤነኛ አረጋውያንም ላይ ስለሚታይ ብቻውን አያስፈርድም።

የልብ ምት መቆጣጠሪያ ወይም በሰውነት ውስጥ የተተከለ ብረት ካላቸው ከኤምአርአይ በፊት ያሳውቁ። የቆየ ምስል ካለም ይዘው ይሂዱ፤ በዓመት ልዩነት የተነሱ ሁለት ምስሎች ከአንድ ይበልጥ ይናገራሉ።