የወገብ ዲስክ ኦፕሬሽን ውጤቱ እስከምን ድረስ ነው? ጥያቄና መልስ

ሰላም ለሁላችሁ። ፊዚዮቴራፒስት ነኝ። ለዓመታት አብዛኛው ሥራዬ የወገብ ዲስክ (በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያለው ትራስ መሳይ ነገር) ከተንሸራተተባቸው ሰዎች ጋር ነው፤ ኦፕሬሽን ካደረጉትም፣ ሳያደርጉ ከዳኑትም ጋር። ከስድስት ዓመት በፊት ተራው የእኔ ሆነና እኔም አደረግኩ። የማናችሁንም ኤምአርአይ አላየሁም፣ እግራችሁንም ይዤ አልመረመርኩም፤ ስለዚህ የመጨረሻውን ቃል ለሐኪማችሁ ትታችሁ አንብቡኝ።

ጥያቄ፦ እናቴ ዲስክ አለባት። ከትናንት ጀምሮ ሽንቷ አልመጣ አላት፣ መቀመጫዬ ደንዝዟል ትላለች። ቀጠሮዋ በሚቀጥለው ሳምንት ነው፤ እንጠብቅ?

መልስ፦ አትጠብቁ፤ አሁኑኑ ድንገተኛ ክፍል ውሰዷት። ይህን ያስቀደምኩት ለዚህ ነው። ሽንት መያዝ ወይም ማምለጥ፣ በጭኖች መካከልና በመቀመጫ ዙሪያ መደንዘዝ፣ የሁለቱም እግሮች መዛል፣ እነዚህ ዲስኩ ወደ ታች የሚወርደውን የነርቭ ጥቅል እንደጨመቀው የሚጠቁሙ ናቸው። ሐኪሞች ካውዳ ኢኩዊና ይሉታል። እዚህ ላይ ሰዓቱ ወሳኝ ነው፤ ከዘገየ ሕመሙ ቢተዋት እንኳ ሽንቷን መቆጣጠር ሊያቅታት ይችላል። ስትደርሱ "ወገቧን አሟታል" አትበሉ፤ "ሽንቷ እምቢ ብሏል፣ መቀመጫዋ ደንዝዟል" በሉ።

ጥያቄ፦ ወንድሜ፣ አምስት ሳምንት ሆነኝ። ሕመሙ ከመቀመጫዬ ተነሥቶ በባቴ አድርጎ እስከ እግሬ ጣት ይጠዘጥዘኛል። ኤምአርአዩ ትልቅ ቁራጭ ወጥቷል ይላል። ትልቅ ከሆነ ያለ ኦፕሬሽን አይለቀኝም ማለት ነው?

መልስ፦ አይደለም፤ እንዲያውም ብዙ ጊዜ ነገሩ ተቃራኒ ነው። ከዲስኩ ቅርፊት ሾልኮ የወጣውን ለስላሳ ቁራጭ ሰውነት እንደ ባዕድ ነገር ያየዋል። የመከላከያ ሴሎች ይከቡትና ቀስ በቀስ ይበሉታል፤ ውኃውም እየቀነሰ ይኮማተራል። ተገንጥሎ የወጣ ትልቅ ቁራጭ በመጠኑ ከተነፋ ዲስክ ይልቅ የመሟሟት ዕድሉ ከፍ ያለ ነው። አብዛኛው ሰው ከ6 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ ይሻለዋል። ግን ዛሬውኑ አንድ ነገር አድርግልኝ፦ ጫማህን አውልቅና በተረከዝህ ብቻ ጥቂት ሂድ፣ ከዚያ በጣቶችህ። የአንዱ እግር ፊት አልነሣ ካለ ወይም ስትሄድ ወለሉን ጠፍ ጠፍ እያደረገ የሚመታ ከሆነ ነርቩ እየዛለ ነውና ቀጠሮህን አስቀድም። ካልሆነ ጊዜ አለህ።

ጥያቄ፦ ዞሮ ዞሮ ኦፕሬሽን ያደረገና የታገሠ ሰው ልዩነታቸው ምንድን ነው? አንዱ "ዳንኩ" ይላል፣ ሌላው "ባልነካሁት" ይላል።

መልስ፦ ይህን ጥያቄ እኔም ኦፕሬሽን ከማድረጌ በፊት ብዙ ሌሊት አሰላስየዋለሁ። በኔዘርላንድስ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣ ጥናት አለ። ከ6 እስከ 12 ሳምንት በከባድ የእግር ሕመም የቆዩ 283 ሰዎችን በዕጣ ከፈሉ፤ ገሚሶቹ ቶሎ ኦፕሬሽን አደረጉ፣ ገሚሶቹ እየታከሙ እንዲጠብቁ ተደረገ። ቶሎ ያደረጉት በአማካይ በ4 ሳምንት ሲሻላቸው የጠበቁት 12 ሳምንት ወሰደባቸው። ዓመት ሲሞላ ግን በሁለቱም ወገን ከ100ው 95ቱ ድኛለሁ አሉ። ልብ በሉ፣ ከጠበቁት 39 በመቶው ሕመሙ አላስቆም ብሏቸው በዓመቱ ውስጥ ኦፕሬሽን አድርገዋል። የኖርዌዩ ሐኪም ሄንሪክ ዌበር እ.ኤ.አ. በ1983 ያወጣውም ከዚህ ይቀራረባል፦ በአንደኛው ዓመት ኦፕሬሽን ያደረጉት በግልጽ ይሻላሉ፣ በአራተኛው ልዩነቱ ይጠባል፣ በአሥረኛው ይጠፋል።

ስለዚህ ለአብዛኛው ሰው ኦፕሬሽን የሚያመጣው ፍጥነት ነው። ፍጥነት ግን ቀላል ነገር አይደለም። እንቅልፍ ላጣ፣ ሥራው ሊያመልጠው ለተቃረበ ሰው ሁለት ወር ዕድሜ ልክ ነው። እና ሕመሙ የቆየበት ሰው ሒሳቡ ይለያል። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው የካናዳ ጥናት ከ4 እስከ 12 ወር የታመሙ 128 ሰዎችን አወዳድሮ፣ ከስድስት ወር በኋላ የእግር ሕመማቸው ከ10 ኦፕሬሽን ላደረጉት 2.8፣ ላላደረጉት 5.2 ሆኖ አገኘው። ሰባት ወር ታግሠህ ለውጥ ካላየህ "ትንሽ ልጠብቅ" የሚለውን ምክር እኔ አልሰጥህም።

ጥያቄ፦ እኔ እግሬን ምንም አይለኝም፤ ወገቤን ብቻ ነው።

መልስ፦ እንግዲያው ከዚህ ኦፕሬሽን ብዙ አትጠብቂ እህቴ። የሚሠራው ነርቭ ላይ የተጫነውን ማንሣት ነው፤ የነርቩ ሕመም ደግሞ የሚሰማው እግር ላይ ነው። "ባልነካሁት" ከሚሉት ብዙዎቹን ጠጋ ብዬ ስጠይቃቸው ከመጀመሪያውም ያስቸገራቸው ወገባቸው ነበር።

ጥያቄ፦ ሁለት ወር ሆነኝ ካደረግኩ። ሕመሙ ጠፍቷል፣ እግሬ ግን እንደደነዘዘ ነው። አልተሳካም ማለት ነው?

መልስ፦ ተሳክቷል። መጀመሪያ የሚሄደው ሕመሙ ነው፤ ጉልበት ይከተላል፤ መደንዘዝ መጨረሻ ነው፣ ጥቂት ሊቀርም ይችላል። የተጎዳ ነርቭ ሲያድግ በቀን አንድ ሚሊሜትር ገደማ ነውና ከወገብ እስከ እግር ጣት ያለውን ርቀት አስበው። የእኔው የመጨረሻው ዲስክ ነበር፣ ኤል5-ኤስ1። ከማደንዘዣው ስነቃ ለሦስት ወር ያልለቀቀኝ የባቴ ሕመም የለም። አንሶላውን ገልጬ እግሬን አየሁት፣ የሌላ ሰው መሰለኝ። ነገር ግን ግድግዳ ይዤ በግራ እግሬ ጣት ልቁም ስል ተረከዜ ከወለሉ አልላቀቅ አለ። በየቀኑ ሞከርኩ። በስድስተኛው ሳምንት አንዴ ተነሣ፤ በአራተኛው ወር አሥር ጊዜ። ትንሿ ጣቴ ዛሬም ካልሲ ያጠለቀች ይመስል ትደነዝዛለች፤ ለምጃታለሁ።

ጥያቄ፦ ሽባ ሆኜ እቀራለሁ ብዬ እፈራለሁ።

መልስ፦ ፍርሃትህ ይገባኛል፤ የሚጠይቀኝ ሰው ሁሉ የሚጀምረው ከዚህ ነው። ሕብለ ሰረሰር፣ በአከርካሪ ውስጥ የሚወርደው ዋናው የነርቭ ገመድ፣ የሚያበቃው በወገብ የመጀመሪያውና የሁለተኛው አጥንት አካባቢ ነው። ዲስክ በብዛት የሚንሸራተተው ደግሞ ከዚያ በታች፣ በመጨረሻዎቹ ሁለት ደረጃዎች ነው፤ እዚያ ያሉት የነርቭ ሥሮች ናቸው። ሁለት እግር ሽባ መሆን እጅግ ብርቅ ነው። ሐኪምህን መጠየቅ ያለብህ ስለ ነርቭ ሽፋን መቀደድ፣ ስለ ኢንፌክሽን፣ ስለ ደም መርጋትና ስለ አንድ ነርቭ መጎዳት ነው።

ጥያቄ፦ ብረት ይገባልኛል?

መልስ፦ ለመጀመሪያ ጊዜ ለወጣ ዲስክ አብዛኛውን ጊዜ አያስፈልግም። ብረት ከተባልክ "አጥንቱ ከቦታው ይንሸራተታል ወይ?" ብለህ ምክንያቱን ጠይቅ፤ ሌላ ሐኪምም አማክር።

ጥያቄ፦ ተመልሶ ይመጣል ይባላል፤ እውነት ነው?

መልስ፦ ከ100 ሰው ከ5 እስከ 15 በሚሆኑት ላይ እዚያው ቦታ ድጋሚ ይወጣል። ሐኪሙ የወጣውን ቁራጭ ያነሣል እንጂ ዲስኩን አይተካም፤ ቁራጩ የሾለከበት ቀዳዳ እንዳለ ይቀርና በጠባሳ ይደፈናል። ቀዳዳው ሰፊ ከሆነ አደጋው ይጨምራል፤ ስለዚህ ያደረገልህን ሐኪም ስፋቱን ጠይቀው፣ በዓይኑ አይቶታል። ሲጋራ ካጨስክ አቁም። በመጀመሪያዎቹ ስድስት ሳምንታት ጎንበስ ብለህ እየተጠማዘዝክ ዕቃ አታንሣ። መራመድ ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምር፤ ጠዋት አሥር ደቂቃ፣ ማታ አሥር ደቂቃ፣ በየሳምንቱ እየጨመርክ።