ገብሱን ጋሪ ላይ ለመጫን የሚሠራው ሥራ

ጠያቂያችን፣ ደብረ ብርሃን ገበያ ላይ 50 ኪሎ ግራም ገብስ ከመሬት አንሥቶ 1.2 ሜትር ከፍታ ባለው ጋሪ ላይ ለመጫን ስንት ሥራ እንደሚሠራ፣ በሳንቃ ላይ እየገፉ ማውጣትም ሥራውን ይቀንስ እንደሆነ ጠይቀዋል። መጀመሪያ 50ን በምድር ስበት ፍጥንጥነት፣ በ9.8 አባዝተን የጆንያውን ክብደት 490 ኒውተን እናገኛለን፤ በፊዚክስ ሥራ ማለት ኃይል በርቀት ሲባዛ ስለሆነ፣ ይህን በ1.2 ሜትር ስናባዛው ሥራው 588 ጁል ይሆናል። ብዙ ተማሪ የሚሳሳተው ኪሎ ግራሙን በቀጥታ በከፍታው በማባዛት ስለሆነ፣ እባክዎ ይህን ደረጃ አይዝለሉት።

ሁለተኛው ጥያቄዎ ይበልጥ ደስ ያሰኛል። ሰበቃ (በጆንያውና በሳንቃው መካከል ያለው ፍትጊያ) ባይኖር 3 ሜትር ርዝመት ባለው ሳንቃ ላይ ለመግፋት 196 ኒውተን ብቻ ይበቃል፤ ነገር ግን መንገዱ በመርዘሙ 196 በ3 ተባዝቶ ያው 588 ጁል ይመጣል። ሳንቃው የሚያቀልልን ሸክሙን እንጂ ሥራውን አይደለም፤ እንዲያውም በእውነተኛ ሳንቃ ላይ ሰበቃን ለማሸነፍ የሚወጣው ስለሚጨመር፣ ጠቅላላው ሥራ ከ588 ጁል ይበልጣል።